ስለ መካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ጣቢያዎች የሞገድ ለውጥና አዲስ የማሠራጫ ተከላ

የራዲዮ አድማጭ ጣቢያ መለወጥ ሲፈልግ መቆጣጠሪያውን በሁለት ጣቱ ይዞ ያዞራል፤ ሥራውም ከጥቂት ሴኮንድ አያልፍም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የማሠራጫ ጣቢያውም ሞገዱን እንደዚሁ በቀላሉ የሚለውጥ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም በተለምዶ ኤ.ኤም. ተብሎ በሚጠራው ክፍል የሚሠራ ጣቢያ ሞገዱን ለመለወጥ ሲነሣ ምሰሶውን፣ ከምሰሶው ሥር የተቀበረውን መዳብ፣ አንዳንድ ጊዜም የቆመበትን ቦታ ጭምር መለወጥ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ የጎረቤቶቹን፣ ይልቁንም የጎረቤት መንግሥታትን ስምምነት ማግኘት ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደሆነ በአጭሩ መግለጽ ነው። በመጀመሪያ የሞገዱን ጠባይና የአንድ ጣቢያ አሠራር እንመለከታለን፤ ቀጥሎም በሰሜን አሜሪካ በ1941፣ በአውሮጳ፣ በአፍሪካና በእስያ ደግሞ በ1978 የተደረጉትን ሁለት ታላላቅ የሞገድ ለውጦች እንመረምራለን። በመጨረሻም በአሁኑ ጊዜ ጣቢያዎች ቦታቸውን ስለሚለቁበት ምክንያት ጥቂት እንላለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሞገዱና የሌሊት ጠባዩ

የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚመላለስበት ቁጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል። መለኪያው ቀድሞ ኪሎ ሳይክል ይባል የነበረው፣ ዛሬ ኪሎ ኸርዝ የሚባለው ነው፤ አንድ ኪሎ ኸርዝ በሴኮንድ አንድ ሺህ ምልልስ ማለት ነው። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማግኘት 300,000ን ለኪሎ ኸርዙ ማካፈል ይበቃል። ስለዚህ በ1000 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ጣቢያ የሞገድ ርዝመቱ 300 ሜትር ነው፤ በ600 የሚሠራው 500 ሜትር፣ በ1500 የሚሠራው ደግሞ 200 ሜትር ይሆናል። ከፍ ያለ ቁጥር አጭር ሞገድ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ረጅም ሞገድ እንደሚሰጥ አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ጣቢያው በዚህ ሞገድ ላይ ድምፅን የሚጭነው የሞገዱን ኃይል ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። ድምፁ በተጫነ ጊዜ ሞገዱ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይቆምም፤ በግራና በቀኝ ጥቂት ኪሎ ኸርዝ ይሰፋል። ስለዚህ ሁለት ጣቢያዎች እንዳይነካኩ በመካከላቸው ርቀት ሊኖር ይገባል። ይህ ርቀት በአሜሪካ ክፍለ ዓለም 10 ኪሎ ኸርዝ፣ በአውሮጳ፣ በአፍሪካና በእስያ 9 ኪሎ ኸርዝ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ቦታው የተወሰነ ነው፤ በእኛ ክፍለ ዓለም ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ያሉት የመካከለኛ ሞገድ መሥመሮች 120 ብቻ ናቸው። ጣቢያዎቹ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስለሆኑ ብዙዎቹ አንዱን መሥመር በጋራ ሊጠቀሙ ይገደዳሉ።

መጋራቱ በቀን አያስቸግርም። በቀን ከምሰሶው የሚነሣው ሞገድ ምድርን ተከትሎ እየሄደ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ክፍል ደግሞ ፀሐይ በምትፈጥረው የአዮኖስፌር የታችኛው ንብርብር ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ያ ንብርብር ይጠፋና ሞገዱ ወደ ላይኛው ንብርብር ደርሶ፣ እንደ መስተዋት ተንጸባርቆ፣ በመቶና በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተመልሶ ይወርዳል። በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ማታ ራዲዮ ሲከፍት ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጡ ድምፆችን መስማቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ለአንዱ ደስታ የሆነው ለሌላው መከራ ነው። ቀን የአገሩን ጣቢያ አጥርቶ የሚሰማ ገበሬ፣ ማታ በዚያው ቁጥር ላይ ሁለት ሰዎች ሲነታረኩ የሚሰማ ይመስለዋል።

ነገሩ የመስኖ ውኃን ይመስላል። በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ተራቸውን የሚያስጠብቅ የውኃ አባት ከሌላቸው፣ ከላይ ያለው ሰው ሌሊት ውኃውን ወደ እርሻው ጠምዝዞ ያድራል፤ ከታች ያለው ደግሞ ጧት ደረቅ ቦይ ያገኛል። በመካከለኛ ሞገድም ጠቡ የሚነሣው በሌሊት ነው፤ ለውጡን ሁሉ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው የሌሊት ጠብ ነው።

፪. ጣቢያውና መሬቱ

በአጭር ሞገድ ወይም በኤፍ.ኤም. ጣቢያ ምሰሶው አንቴናውን ተሸክሞ የሚያቆም ነው። በመካከለኛ ሞገድ ግን ብዙ ጊዜ ምሰሶው ራሱ አንቴና ነው፤ ከሥሩ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጠንካራ ሸክላ ላይ ይቆምና ኃይሉ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይገባል። ቁመቱም በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። የተለመደው ቁመት የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሰማይ ከሚወጣ ይልቅ ምድርን ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጋል።

ከምሰሶው ሥር ደግሞ የማይታይ ሌላ ግማሽ አለ። ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው ሲወጣ በመሬት ውስጥ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል። መሬቱ ኤሌክትሪክን በደንብ የማያስተላልፍ ከሆነ ብዙው ኃይል አፈሩን በማሞቅ ያልቃል። በ1937 ጆርጅ ብራውንና ጓደኞቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ምርምር፣ ከምሰሶው ሥር እንደ መንኮራኩር ዘንግ በየአቅጣጫው የሚዘረጉ ብዙ የመዳብ ሽቦዎች ይህን ጥፋት እንዴት እንደሚቀንሱ በመለካት አሳዩ። ከዚያ ወዲህ 120 ሽቦዎች መቅበር የታወቀ ደንብ ሆነ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1400 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ አንድ ጣቢያ ወደ 700 ኪሎ ኸርዝ ለመዛወር ፈቃድ አገኘ እንበል። በፊተኛው ሞገድ የሞገዱ ርዝመት 214 ሜትር ስለሆነ የምሰሶው ቁመት ወደ 54 ሜትር ነው፤ ሽቦዎቹም እያንዳንዳቸው ይህንኑ ያህል ቢረዝሙ 120ው በጠቅላላው ወደ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል መዳብ ይሆናሉ፤ ክቡም ከአንድ ሄክታር በጥቂት ያነሰ መሬት ይይዛል። በአዲሱ ሞገድ ግን የምሰሶው ቁመት 107 ሜትር፣ መዳቡ ወደ 13 ኪሎ ሜትር፣ መሬቱም ከ3 ሄክታር ተኩል በላይ ይሆናል። ቁጥሩ በግማሽ ሲቀንስ ምሰሶውና መዳቡ እጥፍ፣ መሬቱ ደግሞ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቀድሞ ከከተማ ዳር በአንድ አነስተኛ መስክ ላይ የቆመው ጣቢያ ሌላ መስክ መፈለግ ይኖርበታል።

ታዲያ ይህን ያህል ወጪ ለምን ይደረጋል? ቢባል፣ ዝቅ ያለው ቁጥር ምድርን ተከትሎ ሲሄድ ቶሎ ስለማይደክም፣ በአንድ ዓይነት ኃይል እጅግ ሰፊ አገር ስለሚሸፍን ነው። እንደዚሁም የአፈሩ ዓይነት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ረግረግና ጥቁር አፈር ሞገዱን በደንብ ያሳልፋሉ፤ አሸዋና ድንጋያማ ተራራ ያደክሙታል። የባሕር ውኃ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከደካማ አፈር ጋር ሲመዛዘን ኤሌክትሪክን የማስተላለፍ ችሎታው በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ነው። ጣቢያዎች በባሕር ዳርና በረግረግ ሜዳ ላይ ሲተከሉ የምናየው ስለዚህ ነው።

፫. ጎረቤትን የሚጠብቁ ምሰሶዎች

አንድ ምሰሶ ብቻውን ሲቆም ሞገዱን በዙሪያው ሁሉ እኩል ይበትናል። በአንድ መሥመር ሁለት ጣቢያዎች በሚሠሩበት ጊዜ ግን ይህ እኩልነት ጉዳት ነው። የተገኘውም መፍትሔ ከአንድ በላይ ምሰሶ መትከል ነው።

አሠራሩን እንዲህ ልንረዳው እንችላለን። ሁለት ምሰሶዎች በሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ተራርቀው፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ቆመዋል እንበል። የምሥራቁ ምሰሶ ኃይሉን ከምዕራቡ በአንድ ምልልስ ሩብ ያህል ዘግይቶ እንዲቀበል ይደረጋል። ከምዕራቡ ምሰሶ የተነሣው ሞገድ ወደ ምሥራቁ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ልክ ይህ ሩብ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሞገዶች እኩል ይገናኙና ወደ ምሥራቅ ተባብረው ይሄዳሉ። ወደ ምዕራብ ግን የምሥራቁ ሞገድ ሩብ ዘግይቶ ከተነሣ በኋላ በመንገድ ላይ ሌላ ሩብ ይዘገያል። በጠቅላላው ግማሽ ምልልስ ይሆናል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ እርስ በርሳቸውም ይጠፋፋሉ። በዚህም ምክንያት በምዕራብ ያለው ጎረቤት በሰላም ያድራል።

ይህ ዘዴ በማሠራጫ ጣቢያ ላይ መጀመሪያ የተሠራበት በ1932 ነው። በፍሎሪዳ የነበረው የ620 ኪሎ ኸርዝ ጣቢያ በዚሁ መሥመር የሚሠራውን የሚልዎኪን ከተማ ጣቢያ በሌሊት ያውክ ስለ ነበር፣ ሬይመንድ ዊልሞት የተባለው መሐንዲስ ኃይሉ ወደ ሚልዎኪ እንዳይሄድ የሚያደርግ የሁለት ምሰሶ አንቴና አዘጋጀ።

የበለጠ የታወቀው ግን በኦሃዮ ግዛት የሲንሲናቲ ከተማ ጣቢያ የደብልዩ.ኤል.ደብልዩ. ታሪክ ነው። ይህ ጣቢያ በ1934 ኃይሉን ከ50 ወደ 500 ኪሎ ዋት ከፍ አደረገ። የሚሠራበት መሥመር 700 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን፣ በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ ጣቢያ በ690 ይሠራ ነበር። በናያጋራ አካባቢ ያሉ የካናዳ አድማጮች በሌሊት የራሳቸውን ጣቢያ መስማት ስላቃታቸው የካናዳ መንግሥት አቤቱታ አቀረበ። ጣቢያውም ሌሊት ወደ 50 ኪሎ ዋት እንዲመለስ ተገደደ፤ በ1935 ወደ ካናዳ የሚሄደውን ኃይል የሚቀንሱ ተጨማሪ ምሰሶዎች ከተከለ በኋላ ብቻ ሌሊትም በ500 ኪሎ ዋት መሥራት ተፈቀደለት። በ1939 ግን ይህ ከፍተኛ ኃይል በመደበኛ ሥርጭት ላይ መዋሉ ቀረ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ገንዘብና መሣሪያ መኖሩ ብቻ አንድን ጣቢያ ባለመብት እንደማያደርገው ነው።

እንግዲህ ጣቢያው ብዙ ምሰሶ ያለው ከሆነ የሞገድ ለውጥ ችግሩ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት የተለካው በአሮጌው የሞገድ ርዝመት ነው። ቁጥሩ በጥቂቱ ሲለወጥ ለየምሰሶው የሚሄደውን ኃይል መጠንና ጊዜ እንደገና በማስተካከል ሊታረም ይችላል፤ ብዙ ሲለወጥ ግን ምሰሶዎቹ ያለ ቦታቸው ቆመው ይገኛሉ። ጥበቃ የሚያስፈልገው ጎረቤትም ሌላ ይሆናል፤ በአሮጌው መሥመር በሰሜን የነበረው፣ በአዲሱ መሥመር በምዕራብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምሰሶዎቹ አሰላለፍ በምድር ላይ የተጻፈ የጉርብትና ውል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

፬. የመጋቢት 29 ቀን 1941 ለውጥ

በአሜሪካ አገር የመጀመሪያው ታላቅ ድልድል የተደረገው ኅዳር 11 ቀን 1928 ነበር። በዚያን ጊዜ የፌዴራል ራዲዮ ኮሚሲዮን 96 መሥመሮችን በየክፍላቸው ደልድሎ አብዛኞቹን ጣቢያዎች አዛወረ። ነገር ግን ድልድሉ ጎረቤቶችን በሚገባ አላሰበም፤ ሜክሲኮና ኩባ ድርሻ ስላልነበራቸው በፈለጉት ቁጥር ላይ ይሠሩ ነበር። በተለይም በሜክሲኮ ድንበር ላይ የተተከሉ እጅግ ኃይለኛ ጣቢያዎች ወደ ሰሜን እያሠራጩ የአሜሪካንና የካናዳን አድማጮች ያውኩ ነበር።

ስለዚህ በታኅሣሥ 1937 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮ፣ ኩባ፣ ሃይቲና የዶሚኒካን ሬፑብሊክ በሃቫና ከተማ ተሰብስበው የሰሜን አሜሪካ የሥርጭት ስምምነትን ተፈራረሙ። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው መጋቢት 29 ቀን 1941 በኒውዮርክ ሰዓት ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ሲሆን፣ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ብቻ ወደ 800 የሚጠጉ ጣቢያዎች በአንድ ሌሊት ቁጥራቸውን ለወጡ።

ዘዴው ቀላልና ብልኅ ነበር። ተማሪዎች በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠው ሳለ፣ በመካከል ሦስት እንግዶች ይገቡ ዘንድ ተፈለገ እንበል። ወንበሩ በጫፉ እንዲረዝም ይደረጋል፤ ከፊት ያሉት ባሉበት ይቆያሉ፣ ቀጥለው ያሉት አንድ ቦታ፣ ከእነሱ በኋላ ያሉት ሁለት ቦታ፣ የቀሩት ደግሞ ሦስት ቦታ ይጠጋሉ። በራዲዮውም እንዲሁ ሆነ። ክፍሉ በላይኛው ጫፍ ከ1500 እስከ 1600 ኪሎ ኸርዝ ተራዘመ። ከ740 በታች የነበሩት በጠቅላላው ባሉበት ቀሩ። ከ740 እስከ 780 የነበሩት በ10፣ ከ790 እስከ 870 የነበሩት በ20፣ ከዚያ በላይ ያሉት አብዛኞቹ በ30 ኪሎ ኸርዝ ከፍ አሉ። በዚህም 740፣ 800ና 900 ባዶ ቦታ ሆነው ተገኙ። ለሜክሲኮ 730፣ 800፣ 900፣ 1050፣ 1220ና 1570 በዋናነት ተሰጡ፤ ለካናዳም እንደ 740፣ 860ና 1010 ያሉት ደረሱ። ከዚህ አጠቃላይ ደንብ የወጡም ነበሩ፤ ለምሳሌ የፒትስበርጉ ኬ.ዲ.ኬ.ኤ. ከ980 ወደ 1020 ሄዶ በ40 ኪሎ ኸርዝ ተዛወረ።

ለውጡ በትንሽ በትንሹ በመሆኑ አብዛኞቹ ምሰሶዎች መፍረስ አላስፈለጋቸውም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጣቢያ ሞገዱን የሚያጸናውን የኳርትዝ ክሪስታል በአዲስ መለወጥና አንቴናውን እንደገና ማስተካከል ነበረበት። በአድማጩ ቤትም ሥራ ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ራዲዮኖች ጣቢያ የሚመርጡት አስቀድሞ በተስተካከለ ቁልፍ ስለ ነበር፣ ቁልፎቹን ሁሉ እንደገና ማስተካከል አስፈለገ።

የአንድ ጣቢያ ዕድል ብንከተል የሞገድ ለውጥና የማሠራጫ ተከላ እንዴት እንደሚያያዙ እናያለን። የኮሎምቢያ የራዲዮ ድርጅት የኒውዮርክ ጣቢያ፣ በዚያን ጊዜ ደብልዩ.ኤ.ቢ.ሲ. ይባል የነበረው፣ በዚያ ሌሊት ከ860 ወደ 880 ኪሎ ኸርዝ ተዛወረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ደግሞ ማሠራጫውን በኒው ጀርሲ ከነበረበት አንሥቶ፣ ከኒውዮርክ በስተሰሜን ምሥራቅ በባሕር ውስጥ ወዳለች ትንሽ ደሴት አዛወረው። ምክንያቱ ቀደም ብለን የጠቀስነው ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ጨዋማ ውኃ ለ50 ኪሎ ዋቱ ማሠራጫ ከማናቸውም አፈር የተሻለ መሬት ሆነለት። ጣቢያው በ1946 ስሙን ደብልዩ.ሲ.ቢ.ኤስ. ብሎ ለወጠ። በ1960ዎቹ ደግሞ በብሮንክስ አቅራቢያ ወዳለች ወደ ሃይ ደሴት ተዛውሮ ከተወዳዳሪው ከ660 ኪሎ ኸርዙ ጣቢያ ጋር በአንድ ምሰሶ መጠቀም ጀመረ። በነሐሴ 1967 አንድ ትንሽ አውሮፕላን ምሰሶውን መትቶ በጣለው ጊዜ ሁለቱም ጣቢያዎች በአንድነት ድምፃቸው ጠፋ፤ ምሰሶ መጋራት ወጪን እንደሚቀንስ ሁሉ አደጋንም እንደሚያጋራ ይህ ያስረዳል። በ2024 የጣቢያው ስምና ፕሮግራም ሲለወጥ እንኳ 880 የተባለው ቁጥር አልተለወጠም።

፭. የኅዳር 23 ቀን 1978 ለውጥ

በእኛ ክፍለ ዓለም ተመሳሳይ ድልድል የመጣው ዘግይቶ ነው። የአውሮጳ መንግሥታት በ1948 በኮፐንሃገን ተስማምተው ነበር፤ ዳሩ ግን ስምምነቱ ለአፍሪካና ለእስያ የሚሆን አልነበረም፣ የጣቢያዎቹም ቁጥርና ኃይል ከዚያ በኋላ በብዙ ጨመረ። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒካሲዮን ማኅበር በ1975 በጄኔቭ ጉባኤ አደረገ። በጉባኤው የአውሮጳ፣ የአፍሪካ፣ የእስያና የኦሺያንያ መንግሥታት በአንድ ዕቅድ ሥር ገቡ፤ ኢትዮጵያም የምትገኘው በዚሁ ዕቅድ ክልል ውስጥ ነው። ዕቅዱ በኅዳር 23 ቀን 1978 በሥራ ላይ ዋለ።

የዕቅዱ ዋና ደንብ፣ በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራ የማንኛውም ጣቢያ ቁጥር ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ይሁን የሚል ነው። ለምሳሌ 531 ዘጠኝ ጊዜ 59፣ 1602 ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ 178 ነው። ይህ ለሒሳብ ውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ መሥመር ላይ ሆነው አንዱ በአንድ ኪሎ ኸርዝ ቢዛነፍ፣ የሁለቱ ልዩነት በአድማጩ ጆሮ እንደ ፉጨት ይሰማል። ልክ በአንድ ቁጥር ላይ ሲቆሙ ግን ፉጨቱ ይጠፋና ደካማው ጣቢያ ከብርቱው ሥር ይሸፈናል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ኸርዝ ትንሽ ለውጥ እንኳ ለአድማጩ ታላቅ ጥቅም ነበረው።

ከአገሮች ሁሉ በዚያ ቀን የተደረገው ለውጥ ጎልቶ የታየው በእንግሊዝ ነው። ቢ.ቢ.ሲ. አጋጣሚውን በመጠቀም አራቱን ፕሮግራሞቹን እርስ በርስ አለዋወጠ። ራዲዮ 4 ከተለያዩ የመካከለኛ ሞገድ ቁጥሮች ወጥቶ በረጅም ሞገድ ወደ 200 ኪሎ ኸርዝ ገባ፤ እዚያ የነበረው ራዲዮ 2 ወደ 693ና 909 ወረደ፤ ራዲዮ 1 ከ1214 ወደ 1053ና 1089 ሄደ፤ ራዲዮ 3 ደግሞ ራዲዮ 1 የለቀቀውን ቦታ በ1215 ያዘ። ያ የአንድ ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ከላይ የተናገርነው የ9 ደንብ ውጤት ነው፤ 1215 ለ9 ይካፈላልና። ለአድማጮች በራዲዮናቸው ላይ የሚለጥፉት ምልክት ተሰጠ። ረጅም ሞገድ ራሱ ለ9 በሚካፈል ቁጥር የተስተካከለው በኋላ በመሆኑ፣ የድሮይትዊች ማሠራጫ በየካቲት 1 ቀን 1988 ከ200 ወደ 198 ተዛወረ።

፮. በአሁኑ ጊዜ ስላለው ሁኔታ

አንድ የአሜሪካ ጣቢያ ሞገዱን ወይም ማሠራጫውን ለመለወጥ ሲፈልግ የሚከተለው ሥርዓት እስከ ዛሬ ያው ነው። በመጀመሪያ መሐንዲሱ በአዲሱ መሥመርና በአጠገቡ ባሉት ላይ የሚሠሩትን ጣቢያዎች ሁሉ ይዘረዝራል፤ ቀንና ሌሊት በየአቅጣጫው ምን ያህል ኃይል ሊላክ እንደሚፈቀድ ያሰላል። ቀጥሎ ማመልከቻ ለፌዴራል የመገናኛ ኮሚሲዮን ይቀርባል፤ ከተፈቀደም ሥራውን በሦስት ዓመት ውስጥ መፈጸም ያስፈልጋል። ምሰሶዎቹ ከቆሙና መዳቡ ከተቀበረ በኋላ ሞገዱ ወደ ተከለከለው አቅጣጫ አለመሄዱ ተለክቶ ይረጋገጣል፤ ፈቃዱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ ያው ቢሆንም የለውጡ ምክንያት ግን ተገልብጧል። ቀድሞ ጣቢያዎች የሚዛወሩት ብዙ ሰው ለመድረስ ሲሉ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ የሚዛወሩት መሬታቸው ከሥርጭታቸው ይልቅ ዋጋ ስላወጣ ነው። በዋሽንግተን አቅራቢያ በቤተዝዳ ከተማ የነበረው የ630 ኪሎ ኸርዝ ጣቢያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አራት ምሰሶዎቹ ከ1941 ጀምሮ የቆሙበት ወደ 30 ሄክታር የሚሆን መስክ፣ ከተማው ዙሪያውን ከከበበው በኋላ ለቤት ሥራ ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ጣቢያው በ2018 ወደ ሌላ ጣቢያ መስክ ተዛውሮ በዚያ ያሉትን ምሰሶዎች መጋራት ጀመረ፤ አሮጌዎቹ ምሰሶዎች በ2020 ፈረሱ። አንድ አንቴና ሁለት ቁጥር ሊያሠራጭ የሚችለው፣ እያንዳንዱ ማሠራጫ የራሱን ሞገድ ብቻ አሳልፎ የሌላውን በሚያግድ ማጣሪያ በኩል ስለሚገናኝ ነው።

በአውሮጳም ብዙ መንግሥታት ከመካከለኛ ሞገድ ወጥተዋል፤ የጀርመን የሕዝብ ጣቢያዎች በ2015 መጨረሻ የቀሩትን ማሠራጫዎች ዘጉ። የኤሌክትሪክ ወጪው ከፍተኛ ነው፤ በየቤቱ ያሉት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ደግሞ ሞገዱን በጩኸት ይሸፍኑታል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገሮችን ለመረዳት እንችላለን። አንደኛ፣ በመካከለኛ ሞገድ ቁጥርና መሬት አይለያዩም፤ የምሰሶው ቁመት፣ የመዳቡ ርዝመትና የመስኩ ስፋት ሁሉ የሚቀዱት ከዚያ ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የጣቢያው ብቻ ሀብት አይደለም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው መጠጋት አለበት፤ ስለዚህ የ1941ም ሆነ የ1978 ለውጥ ሁሉም በአንድ ሌሊት ካልተንቀሳቀሱ በቀር ሊፈጸም አይችልም ነበር። ሦስተኛ፣ ምሰሶ ማፍረስ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ የፈረሰውን ለመመለስ ግን መሬት፣ መዳብና የጎረቤት ስምምነት እንደገና ማግኘት ያሻል።

የመካከለኛ ሞገድ አንድ ማሠራጫ፣ ተራራና ሸለቆ ሳይከለክለው፣ በትንሽ ባትሪ ራዲዮ ለሚያዳምጥ የገጠር ሰው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ጥቅም በሀብታሞቹ አገሮች እየተተወ መሄዱ በሌሎች አገሮችም ይተው ዘንድ ምክንያት ሊሆን አይገባም። አንድን መስክ ከመሸጥ በፊት፣ ከዚያ መስክ የሚነሣው ድምፅ ሌሊት የት ድረስ ይሰማ እንደ ነበረ፣ ሌላስ የሚተካው ነገር መኖሩን መለካት ይገባል። መለኪያው መሣሪያ አለ፤ የሒሳቡም ደንብ የታወቀ ነው። የቴክኒክና የፊዚክስ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ምርምር ብዙ ነው፤ በተለይም የየአውራጃው አፈር ሞገድን የማሳለፍ ችሎታ በመለካት ቢጀመር፣ ዋጋው ትንሽ ጥቅሙ ግን ታላቅ ይሆናል።